ባሌን ሳትሰሙ ሕግ አታውጡ

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት
አዲስ አበባ

ክቡር አፈ ጉባኤ፣ ክቡራን የምክር ቤቱ አባላት፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ከሮቤ ነው። መሬታችንን የሚነካ ሕግ ከመጽደቁ በፊት ባሌ መጥታችሁ ስሙን፤ ከሰማችሁን በኋላም ወኪሎቻችን ድምፃቸውን ለየትኛው ወገን እንደሰጡ በስም አሳውቁን። ይህን የምጠይቀው ምክር ቤቱ ባልሰማባቸው ዓመታት አገሩ ምን እንደከፈለ ባሌ ስለሚያውቅ ነው።

ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ የሚባሉ ሁለት ምክር ቤቶችን አቋቋመ። ሕዝቡ ራሱ መምረጥ እስኪችል ድረስ ግን የሕግ መምሪያውን አባላት መኳንንቱና የየአገሩ ሹሞች እንዲመርጡ ተደነገገ። ሕዝብ ድምፅ የሰጠው የተሻሻለው የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ከወጣ በኋላ ነው። ትልቅ እርምጃ ነበር፤ ሴቶችም መረጡ፣ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩም ተመርጠው ምክር ቤት ገቡ። ለመመረጥ ግን ንብረት ያስፈልግ ስለነበር፣ በሰው መሬት አርሶ ሲሶውን ወይም እኩሌታውን የሚያስረክብ ጭሰኛ ስለራሱ የሚናገርበት ወንበር አላገኘም።

ባሌ በኋላ ጎባን ዋና ከተማው ያደረገ ጠቅላይ ግዛት ሆነ። መሬት ይለካል፣ ግብር ይጣላል፣ ግብሩ ከተወዘፈ መሬቱ ከገበሬው ተነጥቆ ለሌላ ይሰጣል። አቤቱታ የሚቀርብለት ሹም ብዙ ጊዜ የተጠቃሚው ወገን ነበር። ከ1955 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሕዝቡ በዋቆ ጉቱና በሌሎች መሪዎች ሥር መሣሪያ አነሳ። ጦርነቱ ዓመታት ፈጅቶ፣ የመንግሥቱ ጄኔራል ጃጋማ ኬሎ ከዋቆ ጋር ተደራድረው በ1962 ዓ.ም. በረደ።

በእነዚያ ዓመታት ምክር ቤቱ ክፍት ነበር። የካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» እያሉ እስከ ደጃፉ ሄደዋል። የጭሰኛውንና የባለመሬቱን ግንኙነት የሚያስተካክለው ረቂቅ ግን እየተንከባለለ ሳይጸድቅ ቀረ፤ ብዙዎቹ አባላት ራሳቸው ባለመሬት ነበሩና። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ ደግሞ የጎጃም ገበሬ አመፀ። ባሌ ሰሚ አጥቶ ሸፈተ፤ ጎጃም ሳይጠየቅ በወጣበት ሕግ ተነሳ። ሁለቱም ቦታ የጎደለው ሕግ ከመውጣቱ በፊት ገበሬውን ቀርቦ የሚያዳምጥ አካል ነው።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ሲወርዱ ምክር ቤቱም ተዘጋ። የካቲት 25 ቀን የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን አስቀረ፤ ያን ቀን የጭሰኛ ልጅ አይረሳውም። ይሁንና የአገሪቱ ትልቁ የመሬት ሕግ የወጣው አንድም የሕዝብ ተወካይ ሳይከራከርበት ነው። ብሔራዊ ሸንጎ በ835 አባላት እስከተቋቋመበት እስከ 1979 ዓ.ም. መጨረሻ ድረስ አገሩ አሥራ ሦስት ዓመት ያለ ምክር ቤት ኖረ። በዚያ መሐል መንደር ምሥረታ ከሌላው አገር ቀድሞ ባሌ ደረሰ። ገበሬው ጎጆውን አፍርሶ፣ እንጨቱን ተሸክሞ፣ በገመድ በተለካ መስመር ላይ እንዲሰፍር ታዘዘ። ከእርሻው ራቀ። ይህን ውሳኔ የሚሞግትለት ወንበር አዲስ አበባ አልነበረም።

ዛሬ ያላችሁት ከእነዚያ ሁሉ የተሻለ ሥልጣን ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 ተገዢነታችሁ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናችሁ ነው ይላል። ሥልጣን ግን ካልሠሩበት ወረቀት ነው። በ2007ቱ ምርጫ 547ቱም መቀመጫዎች በኢሕአዴግና በአጋሮቹ ሲያዙ፣ «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» የሚለውን ከቴሌቪዥን መስማት ለመድን። የካቲት 23 ቀን 2010 ዓ.ም. ግን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁን 88 አባላት ተቃወሙት። እዚህ ሮቤ ያን ቀን ሰው ሁሉ የጠየቀው «የእኛዎቹስ?» ብሎ ነው። ቁጥሩ ተነገረ፣ ቆይቶም ታረመ፤ ስም ግን አብሮት አልመጣም።

በዕረፍት ጊዜያችሁ መራጮቻችሁን ለማነጋገር መምጣታችሁን አውቃለሁ። ነገር ግን ሐምሌና ነሐሴ ለሲናናና ለአጋርፋ ወረዳዎች ገበሬ ከባዱ ጊዜ ነው። አዝመራችን ሁለት ነው። የበልጉን ስንዴ ዝናብ ሳያበላሸው ለማንሳት የኮምባይነር ወረፋ እንጠብቃለን፤ በዚያው ሰሞን ለመኸሩ እናርሳለን፣ ዘርና ማዳበሪያ እናፈላልጋለን። አዳራሹ ውስጥ የምታገኙት ደመወዝተኛውንና የቀበሌ ተሿሚውን ነው። አራሹ ማሳ ላይ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ የእርሻ መሬትን፣ ግብርን ወይም የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን የሚመለከት ረቂቅ ሲቀርብላችሁ፣ ጉዳዩ የተመራለት ቋሚ ኮሚቴ ሮቤ ወይም ጎባ መጥቶ፣ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ፣ ገበሬው ፋታ በሚያገኝበት ወር ያዳምጥ። በፓርኩ ካለው የሳነቴ አምባ ግርጌ ከብት የሚያሰማራውም ይጠራ። ሁለተኛ፣ ከተነገረው የትኛው ተቀባይነት እንዳገኘ፣ የትኛው ለምን እንደተጣለ ኮሚቴው በጽሑፍ ይመልስ። ሦስተኛ፣ የእያንዳንዱ አባል ድምፅ በስሙ ተመዝግቦ በየወረዳው ጽሕፈት ቤትና በየቤተ መጻሕፍቱ ይለጠፍ።

ይህ አዲስ ሥልጣን አይጠይቅም፤ የስብሰባ ሥነ ሥርዓታችሁን የምታወጡት ራሳችሁ ናችሁ። ሕገ መንግሥቱ አንድ ተወካይ የመራጩን አመኔታ ሲያጣ ከምክር ቤት አባልነቱ ይወገዳል ይላል። አመኔታ የሚሰጠውም የሚነሳውም የተሠራው ሥራ ታይቶ ነው። ወኪላችን መቼ እጁን እንዳወጣ፣ መቼ ዝም እንዳለ ካላወቅን ያ አንቀጽ ለእኛ የለም ማለት ነው። ሕጉ እንዲሠራልን የጎደለው የእናንተ ውሳኔ ብቻ ነው፤ በሚቀጥለው የሥራ ዘመን መክፈቻ አጀንዳችሁ ላይ አስፍሩት።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የሮቤ መራጭ