የመዝሙሩ ቀን ሲዘዋወር
ትዳርና አገልግሎት

ዛሬ ብዙዎቻችን እንደ ቀላል የምናየውን፣ ነገር ግን ባልና ሚስትን የሚያኳርፍ፣ ምእመናንንም የሚያነጋግር አንድ ጉዳይ እናነሣለን። ይኸውም «በዚህ ቀን ይለቀቃል» የተባለ መዝሙር ቀኑ ሲለወጥ ነው።

ከጦር ኃይሎች እስከ አየር ጤና፣ ከቤቴል እስከ ዓለም ባንክ፣ በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ ብዙ አጥቢያዎች አሉ። በየአጥቢያውም ከሥራና ልጅ ከማሳደግ በተረፋቸው ሰዓት ስቱዲዮ ገብተው መዝሙር የሚቀዱ ባለትዳሮች አይታጡም። በደርግ ዘመን ስለ እምነቱ ሰባት ዓመት የታሰረው የዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ መዝሙሮች ከካሴት ወደ ካሴት እየተገለበጡ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፉ፣ ቀን የቆረጠላቸው አልነበረም። ኋላም ካሴቱና ሲዲው ቢዘገይ፣ ከቤተ ክርስቲያን በር ላይ «ለሚቀጥለው እሑድ ይደርሳል» መባል ነበር። በ2011 ዓ.ም. አውታር የተባለው የአገር ውስጥ የሙዚቃ መተግበሪያ ሥራ ሲጀምር፣ በስልክ ሙዚቃ ገዝቶ ማድመጥ ለብዙዎቻችን አዲስ ነገር ነበር። ዛሬ ግን ዘማሪው ራሱ በኢንተርኔት ቅጽ ሞልቶ ቀን ይቆርጣል፤ ቀኑም በዚያው ሰዓት በአገር ውስጥም በውጭም ላሉ ወገኖች ይነገራል።

ቀኑ እንዴት ይለወጣል?

መዝሙሩን ወደ ስፖቲፋይ፣ አፕል ሚዩዚክና ሌሎችም የሚያደርሰው ዲጂታል አከፋፋይ ነው። ድምፁ፣ የሽፋኑ ሥዕልና የሚለቀቅበት ቀን ሳምንታት ቀደም ብሎ ይሰጠዋል። ሥራው እስካልተለቀቀ ድረስ ቀኑን ማዛወር ይቻላል። ሆኖም ለውጡን እያንዳንዱ መደብር በየራሱ ጊዜ ስለሚቀበል፣ አንድ ሁለት ቀን ሲቀረው ቢዛወር መዝሙሩ በአንዱ በአሮጌው ቀን፣ በሌላው በአዲሱ ቀን ሊወጣ ይችላል። አንዴ ከወጣ በኋላ ደግሞ አውርዶ እንደገና መጫን ዋጋ አለው። የእያንዳንዱ መዝሙር መለያ ቁጥር ካልተጠበቀ የተደመጠበት ቁጥር ከዜሮ ሊጀምር ይችላል።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የተለየ ጥንቃቄም ያስፈልጋል። ቅጹ የሚሞላው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። አዲስ ዓመት በአብዛኛው ሴፕቴምበር 11 ይውላል፤ ጳጉሜን 6 በሚሆንበት ዓመት ማግስት ግን ሴፕቴምበር 12 ይሆናል። መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. እንዲህ ነበር። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ለምሽቱ አንድ ሰዓት 7 ሰዓት ወይም 19 ሰዓት ብሎ መሙላት ሲገባ፣ እንደ ልማዳችን ከቀትር በኋላ 1 ሰዓት ብሎ የሞላ ሰው መዝሙሩ በቀኑ ሰባት ሰዓት ይወጣበታል። ከሐምሌ 3 ቀን 2007 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ላይ አዳዲስ አልበሞች በአብዛኛው ዓርብ እንዲለቀቁ የሙዚቃው ኢንዱስትሪ ተስማምቷል፤ ለዘማሪ ግን ይህ ልማድ እንጂ ሕግ አይደለም።

ምክንያቱ ምንድን ነው?

ቀን የሚዘዋወርበት ምክንያት ሁሉ አንድ አይደለም። አንዳንዱ ከእጃችን ውጪ ነው። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ከአርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ ማግስት ኢንተርኔት ተቋርጦ ሦስት ሳምንት ገደማ መቆየቱን እናስታውሳለን። በዚያ ሰሞን ቀን የቆረጠ ዘማሪ ቀኑን ቢያዛውር ማን ይፈርድበታል? አንዳንዱ ደግሞ ከፍቅር የሚመጣ ነው። ጎረቤት ድንኳን ተተክሎ ሳለ የደስታ መዝሙር ይዞ መውጣት የከበደው ሰው፣ ከሚያለቅሱ ጋር ማልቀስን መርጧል።

ሦስተኛው ዓይነት ግን ልብን መመርመር ይፈልጋል። እስቲ አንድ ቤት እናስብ። ሚስት ዘማሪ ናት፤ ባል የኢንተርኔቱን ጉዳይ ይዟል። ለስቱዲዮ የወጣው ገንዘብ የእቁብ ነው። መዝሙሩ ለአዲስ ዓመት ይወጣል ተብሎ በጉባኤ ተነግሯል። አሥር ቀን ሲቀር ባለሙያው ቀሪ ሒሳቡ ስላልተከፈለው የመጨረሻውን ሥራ አላስረከበም። ባልም ለሚስቱ ሳይነግራት ቀኑን ያዛውራል። እሑድ ምእመናን ሲጠይቁት፣ «ጌታ ጊዜው አሁን አይደለም ብሎናል» ይላል። ጉባኤው «አሜን!» ይላል። እርሷ ግን አንገቷን ትደፋለች፤ ምክንያቱን ከስቱዲዮው ሰምታለችና። ልጆቻቸውም አጠገባቸው ቆመው ይሰማሉ።

ወገኖቼ፣ በዚህ ቤት የተበላሸው ቀኑ አይደለም። ቀን ይዛወራል። የተበላሸው የእግዚአብሔር ስም ላልተከፈለ ዕዳ መሸፈኛ መሆኑ ነው። የአምላክን ስም በከንቱ አትጥራ የሚለው ትእዛዝ ለመሐላ ብቻ የተሰጠ አይደለም። ጌታ በእውነት ከተናገረ እናክብር፤ ዕዳ ከሆነ ያዘገየን ግን «ገንዘብ አጠረን» ማለት ምን ነውር አለው? ምናልባት «አሜን» ካለው ጉባኤ መካከል ቀሪውን ሒሳብ የሚሸፍን ወንድም ይገኝ ነበር። «ጌታ ተናገረ» ስንል ግን የሚረዳንን እጅ እንዘጋለን።

ጳውሎስም ቀን አዛውሯል

ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ቆሮንቶስ ሊመጣ አስቦ ሳለ ጉዞውን ለውጧል። በዚህም ቃሉ የማይጸና ተብሎ ታምቷል። በሁለተኛው የቆሮንቶስ መልእክቱ ምዕራፍ 1 እና 2 የሰጠውን መልስ አንብቡ። መለወጡን አልካደም፤ ምክንያቱንም አልደበቀም። ሊራራላቸው ብሎ እንደቀረ፣ በኀዘን ተመልሶ ሊመጣባቸው እንዳልወደደ በግልጽ ጽፎላቸዋል። እግዚአብሔርን ምስክር አድርጎ የጠራውም ምክንያቱ እውነት ስለ ነበረ ነው። ያዕቆብም በምዕራፍ 4 ነገን የማናውቅ መሆናችንን አስታውሶ፣ ዕቅዳችንን ከጌታ ፈቃድ በታች እንድናደርግ ይመክራል። ስለዚህ ቀን ስንቆርጥ «ጌታ ቢፈቅድ» እንበል፤ ስንለውጥ ደግሞ እውነቱን እንናገር።

ለባለትዳሮች ጥቂት ምክር

አንደኛ፣ ቀኑ ከመሞላቱ በፊት ሁለታችሁ ተስማሙ፤ ዘማሪው አንዱ ቢሆንም ዕዳውና ስሙ የሁለታችሁ ነው። ሁለተኛ፣ የመጨረሻው ሥራ ተጠናቆ በእጃችሁ ሳይገባ ቀን ለጉባኤ አታስነግሩ። ሦስተኛ፣ መለወጥ ግድ ከሆነ ቀደም ብላችሁ ለአከፋፋዩ አሳውቁ፤ ከዚያም በአንድ ቃል ለሁሉም ተናገሩ። ለምረቃ ትኬት የገዛ ካለ ገንዘቡን የመመለስ ኃላፊነት አለባችሁ። አራተኛ፣ ሌላ ዘማሪ በዚያው ሳምንት ስለሚያወጣ ብቻ ቀን የምታዛውሩ ከሆነ፣ «የምናገለግለው ማንን ነው?» ብላችሁ አብራችሁ ጸልዩ።

ለእኛ ለምእመናንም አንድ ቃል አለን። መዝሙር ሲዘገይ «ጸጋው ተነሥቶበት ነው» ብለን አንቸኩል። ዘማሪው እውነቱን ለመናገር የሚፈራው ብዙ ጊዜ ምላሳችንን ነው። ቀርበን «ምን እናግዝ?» እንበል።

ለመወያየት፦ በቤታችን «ጌታ አለ» ብለን የሸፈንነው የእኛ ጉዳይ ይኖር ይሆን? ቀን ለውጠን ያልነገርነው ሰውስ አለ?

እውነትን በፍቅር የምንነጋገርባቸውን ቤቶች ጌታ ያብዛልን።