በረዶ የወረደበት ሜዳ ላይ ልጆቻችንን «ቀጥሉ!» አንበላቸው



ዛሬ የማወራችሁ ስለ መድኃኒት ወይም ስለ ክትባት ብቻ አይደለም፤ ስለ ሜዳ ነው። ክረምቱ እየገባ ስለሆነ ሳይመሽ ልናገር ብዬ ነው። አስቀድሜ የምናዘዘው ነገርም አለኝ።

ያለፈው ክረምት አንድ እሑድ ከሰዓት ቂርቆስ ውስጥ ከ13 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ግጥሚያ ነበራቸው። የወንድሜ ልጅ ይጫወታል። ልጁ ካዛንቺስ ተወልዶ ያደገ ነው፤ ሰፈሩ ፈርሶ ቤተሰቡ ወደ ከተማው ዳር ከሄደ በኋላም ከድሮ ጓደኞቹ ጋር ለመጫወት በየእሑዱ ሁለት ታክሲ ይዞ ይመጣል። ብዙዎቹ እንደሱ ናቸው። አንዱ ከአንዱ የሚገናኘው በዚያ ጨዋታ ብቻ ነው። ይህን የምነግራችሁ ጨዋታውን መሰረዝ ለምን ለማንም ቀላል እንዳልነበረ እንድትረዱልኝ ነው።

በእረፍት ሰዓት ሰማዩ ጠቆረና በረዶ ወረደ። ሽምብራ የሚያክል፣ ቆርቆሮውን የሚቀጠቅጥ የሐምሌ በረዶ ታውቁታላችሁ። ሩብ ሰዓት ያህል ወርዶ አባራ። ሜዳው ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ኩሬ ሆነ። ዳኛው ገና ወጣት ልጅ ነው፤ ወደ መሀል ገብቶ ኳሷን ከትከሻው ከፍታ ለቀቃት። አልነጠረችም፤ ጭቃው ውስጥ ቅርቅር ብላ ቀረች። እጁን አወዛውዞ «አይሆንም» አለ።

ከዚያ ጩኸቱ ተጀመረ። አሰልጣኙ «ሰዓቱ ተከፍሎበታል!» አለ። አንድ አባት «ማንቸስተሮች በበረዶ ይጫወቱ የለም እንዴ?» ሲል ሁላችንም ሳቅን። ሌላው «እኛ በድንጋይ ላይ ተጫውተን ነው ያደግነው» አለ። ልጆቹ ራሳቸው «እንጫወት! እንጫወት!» እያሉ ይዘላሉ። ውጤቱ 1 ለ 1 ነው። ዳኛው ዙሪያውን ተመለከተ። አንድ ሰው እንኳ «ልክ ነህ» ቢለው ይጸና ነበር ብዬ አምናለሁ። ሐኪም ነኝ፣ እዚያው ቆሜአለሁ፣ ዝም አልኩ። ኑዛዜዬ ይህ ነው። ፊሽካው ተነፋ።

ሰባት ደቂቃ እንኳ አልሞላም። ከተቃራኒው ቡድን አንድ የ12 ዓመት ልጅ ኳስ ሊመልስ ሲዞር እግሩ ከሥሩ ሄደበት። ቀኝ እጁን ዘርግቶ በመዳፉ ወደቀ። ልጆች ሲወድቁ እጃቸውን የሚዘረጉት ፊታቸውን ለማዳን ነው፤ ክብደቱን ሁሉ የሚቀበለው ከእጅ አንጓ ከፍ ብሎ ያለው አጥንት ነው። ክንዱ ሹካ ሲጣመም እንደሚሆነው ሆኖ ነበር። በካርቶን ደግፌ በእናቱ ነጠላ አንገቱ ላይ አንጠለጠልኩለትና «ዛሬውኑ ራጅ» ብዬ ላክኋቸው፤ የምሠራበትንም ነገርኳቸው።

ማክሰኞ ጠዋት መጡ። ራጅ አልተነሣም። ሰኞ ከሰዓት አባትየው ሰው የመከረውን ሰምቶ ወጌሻ ዘንድ ወስዶት ነበር። ክንዱ በቀርከሃ ስንጥቅ ተደግፎ በጨርቅ ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል። ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ አድሯል፤ «ሲጠግን ያማል» ተብለዋል። ጣቶቹ አብጠው፣ ጠቁረው፣ ቀዝቅዘዋል። ቀስ ብዬ ስዘረጋቸው ጮኸ፤ ጫፋቸውን ስነካው ደግሞ አይሰማውም። እስሩን በመቀስ ፈታሁትና በዚያው ሰዓት ወደ ትልቅ ሆስፒታል ላክሁት። በዚያው ቀን ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። እጁ ተረፈ። ሁለቱ ጣቶቹ ግን ዛሬም ሙሉ በሙሉ አይዘረጉም፤ ፊዚዮቴራፒ እየተከታተለ ነው፤ እርሳስ የሚይዘው በግራው ሆኗል። ታሪኩን የጻፍኩት በቤተሰቡ ፈቃድ ነው፤ ልጁን የሚያሳውቁ ነገሮችንም ቀይሬአለሁ።

አባትየውን የምትወቅሱ ካላችሁ ተዉት። ወጌሻው ቅርብ ነው፣ ያውቁታል፣ ወረፋ የለውም፣ «ያድናል» የሚባል ስምም አለው። ወለምታ አሽተው ያሻሉላችሁ ስንቶቻችሁ ናችሁ? ችግሩ የተሰበረ ክንድ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እያበጠ መሄዱ ነው። ውጪው ጥብቅ ብሎ ሲታሰር እብጠቱ ወደ ውስጥ ይጫናል፤ የደም ሥሩን ያፍናል፤ ጡንቻና ነርቭ ደም ካጣ በሰዓታት ውስጥ መሞት ይጀምራል። በሀገራችን ሆስፒታሎች በዚህ ምክንያት እጅ ወይም እግር የሚቆረጥባቸው ልጆች አሉ። ስለዚህ ማንም ይሠረው ማን፣ ጀሶም ቢሆን፣ ከታሰረ በኋላ ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፣ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ፣ ከነጡ ወይም ከደነዘዙ እስኪነጋ አትጠብቁ። ፍቱት፤ ጀሶ ከሆነ ደግሞ በሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

አሁን ወደ ሜዳው ልመለስ፤ ይህ ሁሉ የተጀመረው እዚያ ነውና።

አንድ የሚገርመኝ ነገር አለ። እዚሁ ቂርቆስ ውስጥ ያለው አዲስ አበባ ስታዲየም በ1954 ዓ.ም. ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣንበት ነው። እሱም ደረጃውን አላሟላም ተብሎ ለእድሳት ተዘጋ። በሰኔ 2014 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ግብጽን 2 ለ 0 ያሸነፈው «በሜዳው» ተብሎ ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ሄዶ ነው፤ ካፍ የሀገራችንን ስታዲየሞች ስላልፈቀደ። በጥር 2005 ዓ.ም. ከ31 ዓመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ ደርሰን አዳነ ግርማ ዛምቢያ ላይ ያገባትን ጎል ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ፤ ያ የኔልስፕሩት ሜዳም አሸዋ በአሸዋ ሆኖ ስንት ወቀሳ ወርዶበት ነበር። ለአዋቂዎች፣ ሐኪምና አምቡላንስ አጠገባቸው ለሚቆምላቸው፣ ደመወዝ ለሚከፈላቸው ተጫዋቾች ሜዳ ይመረመራል፣ ይታገዳል፣ ይጻፍበታል። አጥንቱ ገና እያደገ ላለ የ12 ዓመት ልጅ ግን ሜዳውን የሚያይለት አንድ ፊሽካ የያዘ ወጣት ብቻ ነው። እሱንም ጮኸን ዝም አሰኘነው።

የእግር ኳስ ሕግ ከኛ ይልቅ ለዳኛው ያስባል። ሕግ 5 ላይ ሜዳው ወይም አየሩ ለጨዋታ ይሆናል፣ አይሆንም ብሎ በወሰነው ውሳኔ ዳኛው ተጠያቂ እንደማይሆን ተጽፏል። በበረዶ ላይ ሆኪ የሚጫወቱት እንኳ፣ ሜዳቸው ራሱ በረዶ የሆነው ማለቴ ነው፣ በረዶው ሲቦረቦር ዳኛው ጨዋታ አስቁሞ ቀዳዳው ይደፈናል። በበረዶ መጫወት ጀግንነት ቢሆን ኖሮ እነሱ ማንንም አያስቆሙም ነበር።

«እኛ በድንጋይ ላይ ተጫውተን ነው ያደግነው» ለሚለው ግን በደንብ ልመልስ፣ በየእሑዱ ስለምሰማው። አዎ፣ እኔም ያደግሁት እንደዚያ ነው። ይህን የሚሉት ግን በደህና ያደጉት ናቸው። ክንዱ ጠምሞ የቀረው፣ ጉልበቱ የተበላሸው፣ መንጋጋ ቆልፍ የወሰደው የሰፈራችሁ ልጅ ከሜዳው ዳር ቆሞ አይከራከርም። አስታውሱት እስቲ፤ በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም።

በሌላ በኩል ይህን አንብባችሁ «ከእንግዲህ ኳስ የለም!» የምትሉ እናቶች እንዳላችሁ አውቃለሁ። እባካችሁ እንዲህ አታድርጉ። ቀኑን ሙሉ ስልክ ይዞ የሚቀመጥ ልጅ ክፍሌ ውስጥ ከተሰበረ ልጅ ይልቅ በብዛት ይመጣልኛል። ልጁ ይጫወት። እኔ የምለው ሜዳው ሲበላሽ ለዚያ ቀን ይቁም ነው።

በነገራችን ላይ በኮሪደር ልማቱ የተሠሩት አርቴፊሻል ሣር ያላቸው ትንንሽ ሜዳዎች ጥሩ ናቸው፤ ጭቃ የለባቸውም። ሲረጥቡ ግን እነሱም ያንሸራትታሉ፣ ሲወድቁባቸውም ጉልበትና ክርን እንደ እሳት ይልጣሉ። «ሰው ሠራሽ ነው» ብላችሁ አትዘናጉ።

ሜዳውን ለማየት ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ዳኛው እንዳደረገው ኳሷን ልቀቋት። ካልነጠረች፣ መሬት ለመሬት ስትገፏት ውሃ ውስጥ ከቆመች፣ የልጁ ታኬታ እስከ ጫማው ከሰመጠ፣ መስመሮቹ ከጠፉ፣ በረዶው ገና ካልቀለጠ ያ ቀን አብቅቷል። ነጎድጓድ ካለ ደግሞ ኳሷንም አትልቀቁ፤ ልጆቹን ወደ ቤት ወይም መኪና ውስጥ አስገቡ፣ ዛፍ ሥር አይደለም። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ 30 ደቂቃ እስኪያልፍ አይውጡ። ከተማችን ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ መብረቁ ቀልድ አያውቅም።

ከወደቀስ? አጥንቱ ከተጣመመ ለማቃናት አትሞክሩ፣ አትሹት። ባለበት ሁኔታ በካርቶን ወይም በተጠቀለለ ጋዜጣ ደግፋችሁ ላላ አድርጋችሁ እሰሩና ራጅ ወዳለበት ውሰዱት። ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ «ደህና ነኝ» ቢልም በዚያ ቀን ወደ ጨዋታ አይመለስም፤ ካስታወከ፣ ከተደናገረ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ወይም ራስ ምታቱ ከባሰበት በፍጥነት ወደ ሕክምና።

የቆሰለ ልጅ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። የሰፈር ሜዳ ጭቃ ውስጥ የከብትና የፈረስ እበት አለ፣ የመንጋጋ ቆልፍ ተህዋስም ከዚያ ጋር ይኖራል። ቡና አትነስንሱበት፣ የጥርስ ሳሙና አትቀቡት። በሚወርድ ንጹሕ ውሃና በሳሙና ጭቃው እስኪለቅ ድረስ እጠቡት፤ ያለቅሳል፣ ይታጠብ። ከዚያ የክትባት ነገር አለ። ልጃችሁ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ የተከተበው ውስጥ የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ አለበት፤ ግን ያ ጉልበት ለዘላለም አይቆይም። ጥልቅ ወይም ጭቃ የገባበት ቁስል ከሆነና ከመጨረሻው ክትባት 5 ዓመት ካለፈ ማጠናከሪያ ያስፈልገዋል። ጭራሽ ያልተከተበ ወይም የማታስታውሱት ከሆነ ለሐኪሙ ይህንኑ ንገሩት፤ ተጨማሪ መርፌ ሊያስፈልግ ይችላል። የክትባት ካርዱን ሰነድ ከምታስቀምጡበት ጋር አስቀምጡት፤ «እቃ ስንቀይር ጠፋ» የሚለውን ከካዛንቺስ ከተነሡ እናቶች ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ።

ግን እውነቱን ከተነጋገርን ያን ቀን ጨዋታው የቀጠለው ሕግ ስላላወቅን አይደለም። ገንዘብ ነው። ሜዳው በሰዓት ይከፈልበታል፤ ዝናብ መጣ ተብሎ አይመለስም። ዳኛውም የሚከፈለው ለተጫወቱት ጨዋታ ነው። አስቡት፤ «አይሆንም» ያለ ዳኛ የራሱን የታክሲና የምሳ ገንዘብ ነው የሚሰርዘው። እንዲህ ካደረግነው በኋላ ሐቀኛ እንዲሆን መጠበቃችን ትንሽ ያሳፍራል።

ስለዚህ የኛ ወላጆች ዘንድሮ ውድድሩ ሳይጀመር ተሰብስበን ተነጋገርን። ጭቅጭቅ ነበረበት፤ አንዳንዱ አሁንም አላመነበትም። ከየቤቱ ትንሽ ትንሽ ጨምረን ለሁለት ተጨማሪ ቀን የሜዳ ኪራይ የሚበቃ አስቀመጥን። ዳኛው ጨዋታውን ቢሰርዝም ሙሉ ክፍያውን ያገኛል። ሜዳውን የሚያየው ደግሞ ብቻውን አይደለም፤ ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ወላጅ አብሮት ገብቶ ኳሷን ሲለቅ ያያል፤ «አይሆንም» ካለ እነዚያ ሁለቱ ናቸው ለሌላው የሚነግሩት። ከኛ ወገን እኔ ነኝ።

ባለፈው እሑድ የመጀመሪያው ጨዋታ ተሰረዘ። ኳሷ ሁለት ጊዜ ተለቀቀች፣ ሁለቱንም ጊዜ ጭቃው ያዛት። አንድ አባት «ዶክተር፣ አንቺ ደግሞ አበዛሽው!» አለኝ። ልጆቹ ለአምስት ደቂቃ ያህል አኮረፉ። ከዚያ በረንዳ ሥር ተጠግተው፣ የተጠበሰ በቆሎ እየተሻሙ፣ ሁለት ታክሲ ይዘው የመጡበትን ወሬያቸውን ቀጠሉ። ያ ልጅም መጥቶ ነበር፤ በቆሎውን በግራ እጁ ይዞ።