የጣውላው በረንዳ ከክረምት በፊት

እናቴ የምትኖረው ከሲኒማ ራስ ጀርባ በአንዲት አሮጌ ፎቅ ቤት ውስጥ ነው። ከታች ሱቅ፣ ከላይ መኖሪያ፣ ከፊት ደግሞ ወደ መንገዱ የወጣ የጣውላ በረንዳ አለ። እኔና ወንድሞቼ ያደግነው እዚያ ላይ ነው። ፊልም ሲያልቅ ከሲኒማው የሚወጣውን ሰው እየቆጠርን የተጠበሰ በቆሎ እንበላ ነበር። አሁን ደግሞ ልጆቼ ቅዳሜ ቅዳሜ ይሯሯጡበታል። የዛሬ ሦስት ሳምንት የአምስት ዓመቷ ልጄ ወደ አያቷ ስትሮጥ አንዱ ጣውላ ከእግሯ ሥር ተሰብሮ እስከ ጉልበቷ ሰመጠች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከመቧጨር ሌላ ምንም አልሆነችም። ከሥሯ ግን ሦስት ሜትር ያህል ወርዶ የሱቁ ደጃፍ ነው።

«ምን ጎድሎበት ነው? በየሳምንቱ አይደል እንዴ የማጥበው!» አለች እናቴ፣ ልጅቷን አቅፋ እየተንቀጠቀጠች። እውነቷን ነው፣ ታጥበዋለች። ችግሩም ከዚያው ነው የጀመረው።

በማግስቱ የመጣው አናጺ ሸምገል ያለ ሰው ነው። መዶሻውን እንኳ አላወጣም። በካቻቢቴ ጣውላዎቹን አንድ በአንድ፣ በተለይ ጫፋቸውንና ሚስማር ያለበትን ቦታ ወጋ ወጋ አደረገ። ጤነኛው ላይ ካቻቢቴው ጫር አድርጎ ቆመ። አምስቱ ላይ ግን ዳቦ ውስጥ እንደሚገባ ቢላ ገባ። ከላይ ሲያዩዋቸው ደህና ይመስሉ ነበር። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትሞክሩ ከሆነ ይህንን ሞክሩ፤ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ከጣውላው በታች ተሸካሚ የሆኑትን ወፍራም እንጨቶችም መውጋት አትርሱ።

የሚገርመው፣ የበሰበሱት አምስቱም አዲሶቹ ናቸው። አሮጌዎቹ ጣውላዎች ጽድ ናቸው፤ ከእኔ ዕድሜ ይበልጣሉ። የጽድ ልቡ በተፈጥሮው ምስጥንም ብስባሴንም ይቋቋማል። አዲሶቹን ከዓመታት በፊት በርካሽ ያስገባናቸው እኛው ልጆቿ ነን። ባህር ዛፍ ናቸው፤ ያውም በደንብ ሳይደርቁ የተመቱ። እርጥብ ባህር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁም ውኃ ይገባል። ዝግባም ለቤት ውስጥ መልካም ነው እንጂ ዝናብ ለሚመታው በረንዳ አይሆንም። ዋጋው ቢያሳቅቅም ለውጪ ጽድ ፈልጉ። ቢያንስ ግን የምትገዙት ጣውላ መድረቁን አረጋግጡ።

እንጨት ረጥቦ ቶሎ ከደረቀ ብዙም አይጎዳም። የሚያበሰብሰው ሻጋታ የሚኖረው ውኃ ተኝቶ በሚቆይበት ቦታ ነው። የእናቴን በረንዳ በዚህ ዓይን ስናየው ጥፋቱ ሁሉ ፊት ለፊት ነበር። በጣውላዎቹ መካከል ያለው ክፍተት የተተወው ውኃው እንዲወርድበት ነው፤ የዓመታት አቧራና የቡና አተላ ደፍኖታል። ጤና አዳም የተተከለባቸው የዘይት ቆርቆሮዎች በቀጥታ ጣውላው ላይ ተቀምጠዋል። የልብስ ማጠቢያው ሳፋ ከአንድ ጥግ ተነስቶ አያውቅም። ቄጠማውም አለ፤ ለእሑድ ቡና ይጎዘጎዝና እስከ ማክሰኞ እርጥበቱን ታቅፎ ይተኛል። አምስቱ ጣውላዎች የነበሩት በሳፋውና በቆርቆሮዎቹ ሥር ነው። ልጄ የረገጠችው ቦታ ላይ ሳፋው የተነሳው በዚያው ጠዋት ነበር።

አጸዳዱን አናጺው እንዲህ አሳየን። መጀመሪያ ክፍተቱን በቀጭን ቢላ መፈልፈልና መጥረግ። ቀጥሎ ለብ ባለ ውኃ ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና በጥብጦ፣ ጠንከር ባለ የፕላስቲክ ብሩሽ የእንጨቱን መስመር ተከትሎ መፈግፈግ። የሽቦ ብሩሽ እንጨቱን ይቧጥጠዋል፣ የሚቀረውም ብረት ይዝጋል። አረንጓዴ ነገር ያበቀለበት ቦታ ሳሙናው ጥቂት ደቂቃ ይቆይበት። ከዚያ በትንሽ ውኃ አለቅልቆ በጨርቅ ማድረቅ ነው። ባልዲ ሙሉ መድፋት፣ እናቴ የምትወደው ነገር፣ ቀረ። በረኪናም ቀረ፤ እንጨቱን ያነጣዋል፣ ጭረቱንም ያሻክረዋል። በረኪናን ከአቼቶ ጋር መቀላቀል ደግሞ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ያወጣልና በፍጹም አይሞከርም።

ከታጠበ በኋላ ሁለት ሦስት ፀሐያማ ቀን ይደርቅ። ከዚያ ጥቂት የውኃ ጠብታ ጣል አድርጉበት። ጠብታው ክብ ሆኖ ከቆመ እንጨቱ ቅባት አለው። ወዲያው ከመጠጠው ግን መቀባት ይፈልጋል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ጎረቤት ሁሉ አማካሪ ሆነ። «የተቃጠለ ዘይት ቀቡት፣ ምስጥም አይነካው» አሉን። ከመኪና ሞተር የወጣ ዘይት በሰፈራችን በነጻ ይገኛል፤ ለአጥር እንጨት ሲቀባም አይተናል። ግን ሕፃን የሚዳህበት፣ አያት በባዶ እግሯ የምትቆምበት ወለል ላይ አላስነካሁትም። በውስጡ የብረት ብናኝና ለካንሰር የሚያጋልጡ ነገሮች አሉ፤ በቆዳም ይገባሉ፣ ከእጅ ወደ አፍም ይሄዳሉ። የሚረጋው የምግብ ዘይትም አይሆንም፤ አይደርቅም፣ አቧራ ይሰበስባል። እኛ የመረጥነው ለእንጨት ተብሎ የተዘጋጀ የተልባ ዘይት ነው። በጨርቅ ስስ አድርጎ መቀባት፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ያልጠጣውን መወልወል፣ በማግስቱ መድገም። ቫርኒሽ ያምራል፤ ሆኖም ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለው የአዲስ አበባ ፀሐይ ቶሎ ይሰነጥቀዋል፣ ከዚያ ውኃው ከሥሩ ገብቶ ይታሰራል።

ስለ ጨርቁ አንድ ነገር አደራ። የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጠቅልሎ ወይም ተከምሮ ከተተወ ሲደርቅ ራሱን በራሱ ያሞቃል፣ ክብሪት ሳይነካውም ሊቀጣጠል ይችላል። ውጪ አንድ በአንድ ዘርግታችሁ አድርቁት፣ ወይም ውኃ ውስጥ ንከሩት። ቤት ከቤት በተጣበቀበት መርካቶ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የከተማችን አንጋፋ ሆቴል ጣይቱ በጥር 2007 ዓ.ም. በእሳት ሲጎዳ ያየ ሰው አሮጌ እንጨት ምን ያህል እንደሚነድ ያውቃል። ሰምን በቤንዚን አሟሙቶ ወለል የሚያሰምርም እስካሁን አለ፤ እባካችሁ ተዉት።

መደገፊያው ሌላ ጣጣ ነው። በአረንጓዴ ቀለም ላይ አረንጓዴ ሲደራረብበት የኖረ ነው፤ የድሮ ቀለም ደግሞ እርሳስ ሊኖረው ይችላል፤ ብናኙም የልጆችን አእምሮ ይጎዳል። ስለዚህ በደረቁ አልፋቅነውም። ልጆቹን ወደ እኔ ቤት ልከን፣ እያረጠብን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግነው፣ ጭቃውንም በጨርቅ ሰብስበን አስወገድን። በቋሚዎቹ መካከል ያለውን ርቀትም ለካን። ከ10 ሴንቲ ሜትር ከበለጠ የሕፃን አካል ያሾልካልና ሁለት ቦታ ተጨማሪ ቋሚ አስገባን።

ቤቱ የቀበሌ ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ትርፍ ቤቶች ከተወረሱ ወዲህ በሰፈራችን ብዙ ሰው የሚኖረው እንዲሁ ነው። «የራሴ ላልሆነ ቤት ለምን ላውጣ?» የሚለውን ሰው እረዳዋለሁ፤ ወንድሜም ይህንኑ ብሎኛል። የልጅ እግር ግን ካርታ አይጠይቅም። ጠይቀን፣ ተፈቅዶልን፣ ለአምስት ጣውላና ለአናጺው ሦስታችን አዋጥተን ሠራነው።

ያስቸገረን እናቴን ማሳመን ነው። ቆርቆሮዎቹን በጡብ ላይ ከፍ አድርገን ስናስቀምጥ ዝም አለች። ሳፋው ወደ ጓሮ ሲወርድ አጉረመረመች። ቄጠማው ላይ ስንደርስ ግን «አንቺ ልጅ፣ ያለ ቄጠማ ቡና አፈላለሁ?» ብላ ተነሳች። በመጨረሻ ተስማማን፤ የከሰል ምድጃው ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይደረግለታል፣ ቄጠማው ይጎዘጎዛል፣ እንግዳው ሲሄድ ግን በዚያው ምሽት ይጠረጋል።

ባለፈው እሑድ ሄጄ ነበር። ልጄ አምስቱን አዳዲስ ጣውላዎች በቀለማቸው ለይታ፣ እነሱን ብቻ እየዘለለች ታልፋለች። አያቷ እጇን ይዛ አንዱ ላይ አብረው ቆሙ፤ ሁለተኛው ላይም ቆሙ። ሦስተኛው ላይ እጇን ለቀቀቻት።