ቀለሙን ሳይሆን አንገቱን ይዩ

ክረምት ሲመጣ ችግኝ ለመትከልም ሆነ የጓሮ አትክልት መደብ ለማዘጋጀት አካፋ ያስፈልጋል። ሱቅ ውስጥ መጀመሪያ ዓይን የሚስበው ግን ቀለሙ ነው። ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ ልንገርዎ፤ ቀለም ዕቃ ይሸጣል እንጂ ጉድጓድ አይቆፍርም።

በቅድሚያ ለምን እንደሚፈልጉት ይለዩ። አፉ ጠፍጣፋ የሆነው አሸዋና ሲሚንቶ ለመዛቅ ነው፤ ለመቆፈር ጫፉ ሾጠጥ ያለውን ይምረጡ። ከዚያ ብረቱ እጀታውን የሚያቅፍበትን አንገት ይመልከቱ። ጥቁር አፈር ሲረጥብ ብረቱን ይዞ አልለቅም ይላል፤ ያን ጊዜ ጫናው የሚያርፈው አንገቱ ላይ ነው። አንገቱ አጭር ከሆነ ወይም ከተነቃነቀ ይተዉት። የብረቱ ትከሻ ለመርገጫ እንዲሆን መታጠፉንም ያረጋግጡ፤ ያልታጠፈ ጠርዝ የጫማ ሶል ይበላል።

እጀታው ቀለም ያልተቀባ ቢሆን ይመረጣል፤ ቀለም ስንጥቅና ጉጥ ይደብቃል። የእንጨቱ መስመሮች በቁመቱ ቀጥ ብለው መውረድ አለባቸው። ወደ ጎን የሚወጡ ከሆነ እንጨቱ በዚያው ይሰበራል፤ በሙሉ ኃይል ሲጫኑት የተሰበረ እጀታ ደግሞ ሰው ይጥላል። በደንብ ያልደረቀ እንጨትም አይግዙ፤ በኋላ ሲደርቅ ኮምትሮ ይላላል። አካፋውን አቁመው ይለኩት፤ ደረትዎ ድረስ ከመጣ ወገብዎ ብዙ አይጎብጥም።

ከሥራ በኋላ ጭቃውን አጥበው፣ አድርቀው ጣሪያ ሥር ያስቀምጡት። እንጨቱን አልፎ አልፎ የተልባ ዘይት ይቀቡት። ከዓመታት በኋላ እጀታው ቢያረጅ እንኳ አዲስ እንጨት ያስገቡለታል፤ ጥሩ ብረት ግን በየክረምቱ አይገዛም።