የነጭ ሽንኩርቱ ብልቃጥና ያልተነካው ኪኒን



አንዲት እህት ከአምልኮ በኋላ ለብቻዬ ወስዳ ያጫወተችኝን፣ በእርሷው ፈቃድ ላካፍላችሁ። ባለቤቷ 52 ዓመቱ ነው። ከጥቂት ወራት በፊት ደሙ ሲመረመር መጥፎው ኮሌስትሮል፣ ኤል.ዲ.ኤል የሚሉት፣ 190 ሆኖ ተገኘና ሐኪሙ ማታ ማታ የሚዋጥ ኪኒን አዘዘለት። እርሷ ቁም ሳጥን ስታጸዳ ኪኒኑን ከነማሸጊያው ሳይነካ አገኘችው። ከጎኑ ነጭ ሽንኩርት በማር የተዘፈዘፈበት ብልቃጥ ነበር፤ እርሱስ ተጋምሷል። «ለምን ደበቅኸኝ?» ብትለው፣ «እኔ አልታመምኩም፤ ደግሞም የተፈጥሮው ይበልጣል» አላት። በዚሁ ተኮራረፉ።

ስለ ነጭ ሽንኩርቱ እውነቱ ይህ ነው። በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኮሌስትሮላቸው መጠነኛ ከፍታ ያለው 192 ሰዎችን በአራት ከፍለው ለስድስት ወራት ተከታትለው፣ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2007 አወጡ። አንዱ ቡድን በሳምንት ስድስት ቀን አንዲት ፍልቃቂ የምታህል ጥሬ ነጭ ሽንኩርት፣ ሁለቱ ከነጭ ሽንኩርት የተሠሩ ኪኒኖች፣ አራተኛው ማስመሰያ ብቻ ወሰዱ። በኤል.ዲ.ኤል ላይ ልዩነት አልታየም። ጥቂት ቅናሽ ያዩ ሌሎች ጥናቶች አሉ፤ 190ን የሚያወርድ ግን አይደለም። ነጭ ሽንኩርት ለወጡ ይሁን።

ማንም የማያወራላት አጃ ግን ትሠራለች። አጃና ገብስ ውስጥ ቤታ ግሉካን የሚባል ነገር አለ፤ አጥሚቱን የሚያወፍረውና የሚያሟልገው እርሱ ነው። ጉበታችን ሐሞትን የሚሠራው ከኮሌስትሮል ነው። ሐሞቱ ቅባት ሊያስፈጭ ወደ አንጀት ይወርድና አብዛኛው ተመልሶ ይመጠጣል። ቤታ ግሉካን ከዚያ ሐሞት የተወሰነውን ይዞ ይወጣል፤ ጉበትም የጎደለውን ሊተካ ከደም ውስጥ ኮሌስትሮል ይስባል። የሚያስፈልገው በቀን 3 ግራም ቤታ ግሉካን ነው፤ ይህም ከ60 እስከ 80 ግራም አጃ ውስጥ ይገኛል። የሚቀንሰው 5 በመቶ ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ነው። የወንድማችን 190 ወደ 180 ይወርዳል ማለት ነው።

ታዲያ ገንፎውን ጎድጉዳችሁ ቅቤ ካፈሰሳችሁበት ድካማችሁ ከንቱ ነው! የሚረጋው የፓልም ዘይትም ግማሽ ያህሉ እንደ ቅቤው ዓይነት ቅባት ነው። በኑግ ወይም በሱፍ ዘይት መተካት ይሻላል።

ተልባም ይረዳል፣ ጥቂት። ሳይፈጭ ከተዋጠ ግን እንዳለ ያልፋል፤ ስለዚህ ወቅጠን በውኃ መጠጣታችን ጥሩ ልማድ ነው። በዘይት መልክ በኪኒን የሚሸጠው ኮሌስትሮልን ለመቀነስ አይረዳም። አጃም ሆነ ተልባ መድኃኒትን አብሮ ሊይዝ ስለሚችል ከኪኒኑ ሰዓት አራርቋቸው።

«የተፈጥሮው ይበልጣል» ላለው ወንድም ደግሞ አንድ ነገር ልንገረው። ስታቲን የሚባሉትን እነዚህን ኪኒኖች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ጃፓናዊው ተመራማሪ አኪራ ኤንዶ መጀመሪያ ያገኛቸው ከሻጋታ ነው። ኤል.ዲ.ኤልን እንደ ዓይነታቸውና መጠናቸው ከ30 እስከ 50 በመቶ ይቀንሳሉ። እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣ ጥናት የልብ ሕመም ካለባቸው 4,444 ሰዎች መካከል ስታቲን በወሰዱት ዘንድ ሞት በ30 በመቶ ቀንሶ ታይቷል። የትኛውም አጥሚት ይህን አላደረገም።

«አልታመምኩም» ማለቱ ነው ይልቅ ያሳሰበኝ። ኮሌስትሮል አይቆረጥምም፣ አያተኩስም። የደም ሥርን እያጠበበ ዓመታት ይቆይና አንድ ቀን በልብ ወይም በአንጎል ላይ ይገለጣል።

እህታችንን የመከርኋት ብልቃጡን እንዳትደፋው ነው። ጠብ ብቻ ያመጣል። አጃው ለአባወራው ተለይቶ የሚሠራ የበሽተኛ ምግብ ከሆነ ሳምንት አይዘልቅም፤ ቤተሰቡ ሁሉ ከአንድ ገበታ ይብላ። ሴቶች ሆይ፣ እርግዝና ካለ ወይም ከታሰበ ስለ ስታቲን ሐኪም ሳታማክሩ አትውሰዱ። ደም የሚያቀጥን እንደ ዋርፋሪን ያለ መድኃኒት የሚወስድ ሰው በብዛት ነጭ ሽንኩርት ቢበላ የመድማት አደጋ ሊጨምር ይችላል።

ኪኒኑ ከተጀመረ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ደሙ እንደገና ይመርመር። ያን ቀን ባልና ሚስቱ አብረው ይሂዱ፤ ብልቃጡንም ይዘው ለሐኪሙ ያሳዩት።