ቃልን ወደ ቀመር መመለስ ለነጋዴ የሚሰጠው ጥቅም

ንግድ ዘወትር በቃል የሚቀርብ የሒሳብ ጥያቄ መሆኑ የታወቀ ነው። ሆኖም በአምቦ፥ በጉደር፥ በጊንጪና በጌዶ ገበያዎች ጥያቄውን በግምት የሚፈታ ነጋዴ ጥቂት አይደለም።

ለምሳሌ የተጨማሪ እሴት ታክስን እንመልከት። ይህ ታክስ በ1995 ዓ.ም. ሥራ ላይ ከዋለ ጀምሮ መደበኛ ምጣኔው በመቶ 15 ነው። አንድ ባለሱቅ ታክሱን ጨምሮ ቆርቆሮ በ11,500 ብር ሸጠ እንበል። ከዚህ ውስጥ ታክሱ ስንት ነው? ቸኩሎ የሚያሰላ ጸሐፊ የ11,500ን በመቶ 15 ወስዶ 1,725 ብር ይላል። ነገር ግን በመቶ 15 የሚታሰበው ታክሱ ከመጨመሩ አስቀድሞ ባለው ዋጋ ላይ ነው። ያንን ዋጋ «ሀ» ብንለው፥ 1.15 × ሀ = 11,500 ይሆናል። እንግዲህ ሀ 10,000 ብር፥ ታክሱም 1,500 ብር ነው። ልዩነቱ 225 ብር ከነጋዴው ኪስ ያላግባብ የሚወጣ ነው።

የጭነት ኪራይም እንዲሁ ነው። ጤፍ ከአምቦ ወደ አዲስ አበባ ለማድረስ አንዱ በኩንታል 110 ብር፥ ሌላው 3,000 ብር መነሻና በኩንታል 60 ብር ቢጠይቁ፥ 110ሀ = 3,000 + 60ሀ፤ ሀ 60 ይሆናል። ጭነቱ ከ60 ኩንታል ቢያንስ የፊተኛው፥ ቢበልጥ የኋለኛው ይረክሳል።

አልጀብራ የተማሪ ቤት ነገር ነው የሚል አይጠፋም። ይሁን እንጂ ለትምህርቱ ስሙን ያወረሰውን መጽሐፍ በ9ኛው መቶ ዓመት የጻፈው አል ኽዋሪዝሚ፥ ለውርስ ክፍፍልና ለንግድ እንዲያገለግል አስቦ ነው።

ስለዚህ ነጋዴዎች ጸሐፊ ሲቀጥሩ የመደመር ፍጥነቱን ሳይሆን ቃልን ወደ ቀመር የመመለስ ችሎታውን ሊመዝኑ ይገባል። መደመሩንስ የሒሳብ መኪናም ይሠራዋል።