አረም የሚያውቅ እጅ ለአሸዋው ያስፈልጋል

በአሽዶድና በአሽቀሎን መካከል ያለው የኒጻኒም አሸዋ በአገራችን የባሕር ዳርቻ ከቀሩት ጥቂት ሰፋፊ የአሸዋ ምድሮች አንዱ ነው። ይህን ምድር ሁለት ተክሎች ወረውታል። አንደኛው ሺታ ክሓልሓላ የሚባለው የአውስትራሊያ ግራር ሲሆን፣ በእንግሊዞች አስተዳደር ዘመን አሸዋው በነፋስ እንዳይሄድ ተብሎ የተተከለ ነው። ሁለተኛው በ1970ዎቹ ዓመታት ለዚሁ ዓላማ የገባው፣ ትውልዱ ከሰሜን አሜሪካ የሆነው ባለ ቢጫ አበባ ታዩኒት ሃሖሎት ነው።

ከውጭ መምጣት በራሱ ጥፋት አይደለም። የአገሩ ተወላጅ የሚጠራበት ጻባር፣ ማለትም በለስ፣ የመጣው ከሜክሲኮ ነው። የእነዚህ ጥፋት ሌላውን ማፈናቸው ነው። ክፍት አሸዋ የለመዱ ዕፀዋት፣ አይጦችና እንሽላሊቶች መጠጊያ ያጣሉ። ግራሩ ቢቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ዘሩም ለብዙ ዓመታት በመሬት ውስጥ ቆይቶ እሳት ሲነካው ይበቅላል።

ትልልቁን ዛፍ የሚቆርጡት ባለሙያዎች ናቸው። ችግኙንና ታዩኒቱን ግን በጎ ፈቃደኞች በእጃቸው ይነቅላሉ። ይህ ሥራ ለአባቶቻችንና ለእናቶቻችን እንግዳ አይደለም። አቀንጭራ ማሽላቸውን ሲያጠፋ ያዩ ገበሬዎች፣ አረም ዘሩን ሳይበትን መነቀል እንዳለበት ነጋሪ አያሻቸውም። እዚህ ግን ዕብራይስጥ ባለማወቃቸው ብቻ ምንም እንደማያውቁ ተቆጥረው ቤት ይውላሉ። ልጆች ዘወትር ለአያቶቻቸው አስተርጓሚ ናቸው፤ በአሸዋው ላይ ግን አያት ያሳያል፣ ልጅ ይማራል።

«ደመወዝ የሌለው ሥራ ምን ይጠቅመናል?» የሚሉ አሉ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። በጎ ፈቃድ የእንጀራ ምትክ ሊሆን አይችልም፤ ሥራ ፈላጊም ደመወዝ ያለው ሥራ ማግኘት አለበት። አንድ ጠዋት ለአገር መስጠት ግን ሌላ ነገር ነው።

ስለዚህ አዘጋጆች አስተርጓሚና መጓጓዣ ያቅርቡ፤ ሽማግሌዎቻችንንም ለጉልበታቸው ብቻ ሳይሆን ለዕውቀታቸው ይጥሯቸው። ቤተሰቦችም አስቀድማችሁ በታወቀ አካል በኩል ተመዝገቡ፤ በሥርዓቱ የተላከ በጎ ፈቃደኛ በሥራው ላይ ቢጎዳ ከቢቱዋሕ ለኡሚ መብት አለውና። ውሃና ኮፍያ ያዙ። የማታውቁትን ተክል ሳትጠይቁ አትንቀሉ፤ በሕግ የተጠበቀ ሊሆን ይችላል።

ጊዜው የዝናብ ወራት ነው፤ አሸዋው ሲርስ ሥሩ በቀላሉ ይወጣል። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዳሉት፣ አበባው ፈክቶ ነፋስ ዘሩን ከመበተኑ በፊት እንነሣ።